የስለት ብር

ጨረታው ስምንት ሺህ ላይ እንደደረሰ ክብሩ ከመሃል ብድግ ይልና ለስለት የገባው የምኒልክ ብር የውሸት ነው ይላል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ አፉን ሞልቶ። አዲስ ከተማ ላይ አሮጌ ዕቃ ስለሚነግድ ሰው ያምነዋል። ሐይቅ ዳር ለእንግዳ የሚቸበቸበው ተመሳስሎ የተሠራ የምኒልክ ብር ልክ እንዲህ እንደሚመስል ያስረዳል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል። ጥላውም ምንጣፉም በእልልታ ተሽጦ ሰው ሁሉ ሞቅ ብሎት ነበር። ጨረታውን የሚመሩት መሪጌታ ኃይለጊዮርጊስ ማይኩን እንደያዙ ዓይናቸው ሰው ሲፈልግ ቆይቶ እኔ ላይ ያርፋል። አንጥረኛ አይደለህ እንዴ ሸዋንግዛው፣ ና እየው ይሉኛል። ወይ ጣጣ! ልቤ ግን ከእግሬ ቀድሞ ተነስቷል። እውነተኛ የምኒልክ ብር በእጄ ከያዝኩ ስንት ዘመኔ።

ስለቱ የእማማ ሙሉጌጥ ነው። ልጃቸው ሩሐማ ስንት ዓመት ልጅ ተከልክላ ኖራ ዘንድሮ ወለደች። ልጅ ከሰጠሃት የአንገቴን ብር አገባለሁ ብለው ተስለው ነበርና ይኸው አመጡ። ሕፃኑ አሁን እቅፋቸው ውስጥ ተኝቷል። ክብሩ ያንን ሲናገር ፊታቸው አመድ መሰለ። በውሸት የተከፈለ ስለት እንዳልተከፈለ ነው፤ ያልተከፈለ ስለት ደግሞ የሰጠውን መልሶ ይወስዳል ብለው የሚያምኑ ሴት ናቸው። እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ጥሩ ነበር፣ ግቢው ሙሉ እንደዚያ ያምናል። እኔም ብሆን ሕፃኑን ላለማየት እየሞከርኩ ነው የማልፈው።

ብሩን እቀበላለሁ። ከበድ ይላል፣ ጥሩ። ወደ ፀሐይ ዘወር አድርጌ አየዋለሁ። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ውሸት ፊቱ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፤ ይሄኛው ግን ልሙጥ ነው። የአንበሳው ጋማ አልቋል፣ ያለቀውም ከፍ ከፍ ያለው ቦታ ብቻ ነው፣ ልክ ዕድሜውን ሙሉ ደረት ላይ ሲታሽ እንደኖረ ነገር። ነው እላለሁ በሆዴ፣ ነው እንጂ!

የቀረው ድምፁ ነው፤ እውነተኛ ብር ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ያቃጭላል። ከደረጃው ድንጋይ ላይ እጥለዋለሁ።

ድፍ ይላል። እንደ ቆርኪ።

ክብሩ ይስቃል። አንስቼ ደግሜ እጥላለሁ፣ ያው ድፍ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚህ ግን ማደር የለም፣ ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ቆሞ አፌን ይጠብቃል። ዓይኔ እውነት ነው ይለኛል፣ ጆሮዬ ውሸት ነው ይለኛል። በንዴት ብሩን በአውራ ጣቴ ስፈትገው ከንጉሡ ዘውድ በላይ ጥፍሬ ጫር ያደርገዋል። ብርን ጥፍር አይጭረውም። ይቺ ቦታ ብቻ እርሳስ ናት!

እማማ ሙሉጌጥ አጠገብ በርከክ ብዬ ቀዳዳ ነበረው ወይ እላቸዋለሁ፣ ቀስ ብዬ። ይሸማቀቃሉ። ለካ ክር የሚያስገቡበት ቀዳዳ ነበረው፤ ለእግዜር ቀዳዳ ነገር አይሰጥም ብለው ገበያ ወስደው በእርሳስ አስደፍነው፣ በአመድ አሽተው ነው ያመጡት። ልስቅም ላለቅስም ይቃጣኛል። ድምፁን ያፈነው እርሳሱ ይመስለኛል፣ ይውጣ እላቸዋለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ግን በውሸቱ ላይ ቀዳዳውን ጨምሬ በአደባባይ እንደማዋርዳቸው አልደብቃቸውም።

ሕፃኑን ያያሉ።

«አውጣው ልጄ» ይሉኛል። «ውሸት ነው ከሚሉኝ ጎደሎ ነው ይበሉኝ።»

ሚስማርና ድንጋይ ይመጣል። ብሩን ደረጃው ላይ አስተኝቼ ሚስማሩን እርሳሱ ላይ አቆማለሁ። አንዴ መታ ሳደርገው እርሳሱ ዱብ ይላል፣ ምስር አታክልም። ብሩን ወደ ላይ እወረውረዋለሁ፣ ድንጋዩ ላይ ያርፋል፣ ያቃጭላል! ጥርት ብሎ፣ ረዝሞ፣ እስከ ግቢው በር ድረስ። እንደገና እጥለዋለሁ፤ አስፈላጊ ሆኖ አይደለም፣ ደስ ብሎኝ ነው። እልልታው ይቀልጣል፣ ከአጥሩ ውጭ ባጃጆች ሳይቀሩ ምን ተገኘ ብለው ይቆማሉ። ክብሩ፣ አይ ክብሩ፣ አሥራ አምስት ሺህ ብሎ ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው። ነጋዴ ምን እፍረት ያውቃል።

ሌላው ይጨምራል፣ በዚያም ላይ ሌላው ይጨምራል። አንዱ ያሸንፍና በወጉ መልሶ ለቤተ ክርስቲያኑ ይሰጠዋል፣ ጨረታው እንደ አዲስ ይጀመራል። ሰው ሁሉ ወደ መሪጌታ ዞሯል። እኔም አቅሜን ረስቼ ዋጋ እየጠራሁ ነው፣ ላቤ በጀርባዬ ይንቆረቆራል።

እማማ ሙሉጌጥ ዋጋውን አይሰሙም። እልልታው የቀሰቀሰውን ሕፃን ወደ ትከሻቸው ከፍ አድርገው በጆሮው ያወሩታል። ሚስማሩን ላነሳ ጎንበስ ስል እሰማቸዋለሁ።

«በቃ የኛ ነህ» ይሉታል። «ከእንግዲህ ማንም አይጠይቀንም።»