ከላሞቹ ጋር የሚተኙት አባት

«ከላም ጎን ተጋድሞ የሚውል አባት የማን ነው? እስቲ አንተው ንገረኝ አባዬ።»

ልጁ በረቱ መሀል ቆሞ ነው የሚናገረው... ጎረቤት እንዳይሰማው ድምፁን ቢቀንስም ላሞቹ ሁሉ ጆሯቸውን አቁመዋል።

አባት ከጆንያው ላይ ቀና አሉ። ልብሳቸው ላይ የተጣበቀውን ገለባ ቀስ እያሉ አራገፉ።

«ምን አጠፋሁ ልጄ? ጥጃዋ ብቻዋን ስትሆን ትደነግጣለች ብዬ ነው።»

«ጥጃዋ እናት አላት።»

«እናቷማ ሥራ ላይ ናት። ላንተ ወተት ታዘጋጃለች።»

ልጁ አልሳቀም።

ትንሽ ቀደም ብሎ ወተት ልትወስድ የመጣች ደንበኛ ወደ በረቱ አንገቷን አስግጋ «እዚያ የተኙት ሽማግሌ ማን ናቸው?» ብላው ነበር። እሱም አፈረና... «ዘበኛችን ናቸው» ብሏት አረፈ።

«ሰው ምን ይለኛል? አባቱን ከከብት ጋር አስተኛ አይለኝም?»

«ዘበኛ ከብቱ አጠገብ ቢውል ማን ይገረማል?» አሉ አባት።

ልጁ ክው አለ... ሰምተዋል ማለት ነው።

ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ። ግን እፍረቱ መንገድ ላይ ወደ ቁጣ ተለወጠበት።

«ከዛሬ ጀምሮ ቀን ቀን ክፍልህ ነው የምትውለው» አለና አባቱን አስወጥቶ በረቱን ቆለፈ። ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

አባት ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

ያን ሰሞን ሙቀቱ ለጉድ ነበር። ላሞቹ ምላሳቸውን አውጥተው እያለከለኩ ወተታቸው ቀንሶ ስለነበር፣ ልጁ በውሃ የሚሠራ ባለ ጎማ ማቀዝቀዣ ገዝቶ በረቱ ውስጥ አቁሞላቸዋል። ሆዱን ውሃ ይሞሉታል... ማራገቢያው አየሩን በእርጥብ ንጣፍ ውስጥ አሳልፎ ቀዝቀዝ አድርጎ ይነፋዋል። በረቱ ከወገብ በላይ ግራና ቀኙ ክፍት ስለሆነ ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ላሞቹ በአንድ ቀን ነፍስ ዘሩ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሚስቱ ወተት መሸጫው ድረስ እየሮጠች መጣች።

«አባባ አልመልስ አሉኝ... ባንኳኳ ባንኳኳ ዝም።»

የአባት ክፍል ከቤቱ ጀርባ ናት። ልጁ መጨረሻ የገባባት መቼ እንደሆነ እንኳ አያስታውስም።

በሩን ሲከፍት ወላፈኑ ፊቱን ገረፈው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ አናት ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረው።

አባት ወለሉ ላይ ተዘርግተው ነበር... ጉንጫቸውን ሲሚንቶው ላይ ለጥፈው። ቅዝቃዜ ፍለጋ።

ተሸክመው ጥላ ሥር አወጧቸው። ውሃ አፈሰሱባቸው። የሰፈሩ ነርስ ተጠርታ መጣች።

«ሙቀት ነው የጣላቸው» አለች። «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ...»



ለልጁ የገባው ያኔ ነው። አባቱን በረት የወሰዳቸው የጥጃ ፍቅር አልነበረም። ከዚህ ክፍል ሸሽተው ነው... በእሱ ግቢ ውስጥ ነፋስ የሚያገኙት ላሞች ብቻ ስለነበሩ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። አባት ሻል ሲላቸው የበረቱን ቁልፍ ከፍቶ ማቀዝቀዣውን እየገፋ አመጣና አልጋቸው አጠገብ ሰካው።

«ላሞቹስ?» አሉ አባት።

«ላሞቹ ይቻሉት። አንተ ትቀድማለህ።»

ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ ብሎ በሩን ግጥም አድርጎ ዘጋ። ከደረቱ ላይ ድንጋይ የተነሳለት መሰለው።

ጥቂት እንደቆየ ግን ግድግዳው ማላብ ጀመረ። አንሶላው ረጠበ። አየሩ ከበደ።

«የመታጠቢያ ቤት እንፋሎት መሰለ እኮ» አለች ሚስቱ በአንሶላው ጫፍ እያራገበቻቸው።

«ተዪው፣ ደህና ነው... ደህና ነው» ይላሉ አባት። እያለከለኩ።

ልጁ ተናዶ ለሻጩ ደወለ።

«የሸጥክልኝ ዕቃ ተበላሸ። በረት ውስጥ ደህና የነበረው እዚህ ሲገባ ጭራሽ አፈነን።»

«አልተበላሸም ወንድሜ። እሱ እርጥብ አየር ነው የሚነፋልህ። አየሩ መውጫ ካላገኘ ተመልሶ እናንተኑ ያፍናል። መስኮቱን ክፈተው።»

ልጁ ወደ መስኮቱ ዞረ።

መስኮት የለም።

ከአልጋው በላይ ከሌላው ግድግዳ የነጣ አራት ማዕዘን ልስን ብቻ አለ።

ከዚያ ትዝ አለው... ከጀርባ የመኖ መጋዘን ሲሠራ ይሄ መስኮት አላሠራው ብሎ ነበር። «ለጊዜው ነው አባዬ» ብሎ በገዛ እጁ በብሎኬት ደፈነው።

ብሎኬቱን አንድ በአንድ እያነሱ ያቀበሉትም አባቱ ናቸው።

«ሄሎ? መስኮት የለውም እንዴ?» ይላል ሻጩ።

ልጁ ስልኩን ዘግቶ ልስኑ ላይ አፈጠጠ።

አባት የልጃቸው ዓይን የት ላይ እንደተተከለ አዩ። ቀስ ብለው ከአልጋው ተነሱ። ሶኬቱን ነቀሉ። በሩን ከፈቱ።

ከዚያ ማቀዝቀዣውን በሁለት እጃቸው እየገፉ... ጎማው ጠጠሩ ላይ እየተንገጫገጨ... ወደ ላሞቹ ይዘውት ሄዱ።



...

ለወላጆቻችን ዕቃ መግዛት ላይከብደን ይችላል። ክፍላቸው ገብተን፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠን፣ እነሱ የሚተነፍሱትን አየር መተንፈስ ግን እንረሳለን። እነሱ ደግሞ ደህና ነን ይሉናል... እኛም ይመቸናልና እናምናቸዋለን።

እናንተ በልጁ ቦታ ብትሆኑ መጀመሪያ ምን ታደርጉ ነበር? አባትየውን በረት ድረስ ተከትላችሁ ይቅርታ ትለምናላችሁ... ወይስ መዶሻ አንስታችሁ መስኮቱን ትከፍታላችሁ?

መልሳችሁን ኮሜንት ላይ አነባለሁ።