ማሽኑ የማያነበው መስመር

እጆቼ ጭንቅላቴ ላይ ናቸው፤ ጀርባዬ ከግድግዳው ተለጥፏል። ታላቅ እህቴ በገዛ ማተሚያ ቤቷ ውስጥ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ አቁማኝ ኪቦርዱን ወደ ራሷ ትስባለች።

«ንቅንቅ ብትል!»

«እታለም፣ አፍንጫዬን በላኝ።»

«ይብላህ።»

ባንኮኒው ጋ የቆመችው መምህርት ሳቋን ትውጣለች። ንዴቷን ግን አልዋጠችም። ትናንት ያተምንላት ፈተና የመጨረሻ ገጾቹ ጎድለው፣ ተማሪዎቿ ግማሹን ሠርተው እየጨፈሩ ወጥተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የመጀመሪያው አይደለም። ወረቀት ባለቀ ቁጥር የቀረው ገጽ የውሃ ሽታ ይሆናል። እህቴም ጥፋተኛውን ለማግኘት ፖሊስ አላስፈለጋትም፤ የሰርግ መጥሪያ ጀርባ ላይ የአሮጌ መኪና ሽያጭ ማስታወቂያ ያተመ ወንድም አላት። ገጾቹን ለቀልድ ደብቀሃል ብላ ዛሬ ጠዋት የሱቁን ቁልፍ ከኪሴ ወስዳለች።

እኔ ግን ሌባውን አግኝቼዋለሁ። ማተሚያውን የሚያዘው ፕሮግራም የሁሉም ነው፤ ሆዱን ከፍቶ ማየት፣ የተበላሸ ካለም «ይታረም» ብሎ መላክ ለማንም ተፈቅዷል። ከማስተካከያው ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር አለች። ማሽኑ አያነባትም፤ ለሰው የተጻፈች ማስታወሻ ናት። «ወረቀት ሲያልቅ የሚጠበቅበት ጊዜ፣ በደቂቃ» ትላለች። እሷን አምነን ከሥሯ አምስት ብለን ሞላን። ማሽኑ የሚቆጥረው ግን በሰከንድ ነው! እኛ ወረቀት ፍለጋ ጎንበስ ስንል እሱ የቀረውን ገጽ ጥሎ ቁጭ።

እርማቱን ላክሁ፤ «በደቂቃ» የሚለው «በሰከንድ» ይባል የምትል አንድ ቃል ናት። የፕሮግራሙ ጠባቂ፣ እርማት መርምሮ የሚቀበለው፣ ዓይኑን አይቼው የማላውቅ ሰውዬ፣ እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ «ይህ ማስታወሻ ለዓመታት ሲኖር ማንንም ቅር አላለውም። ሌላ ሰው ሞክሮ ካልመሰከረ ጥያቄህን እዘጋዋለሁ።»

ሌላ ሰው! ለእኔ የሚመሰክር! በዚህ ሰፈር!

«ይዝጋዋ» ትላለች እህቴ። «የላክኸው በሱቁ ስም ነው። ሰፈሩ አልበቃህ ብሎ በዓለም ፊት ልታዋርደኝ ነው?»

«አልተወውም።»

«አንተ እኮ ጎርፍ ሲወስደኝ አዞ አዝሎ ቤቴ አደረሰኝ ያልክ ሰው ነህ!»

«እስከ በር ድረስ ነው ያልኩት። ቤት አልገባም።»

መምህርቷ ሳቋ ያመልጣታል። እህቴ አትስቅም።

«ስሚኝ» እላለሁ፣ እጆቼን ሳላወርድ። «የአዞዬን ወሬ ሰምቶ ወንዝ የገባ ሰው አለ? የኔ ውሸት ያስቃል፣ ይበተናል። ይኼ ግን ኮስተር ብሎ ተቀምጦ ያመነውን ሁሉ ጉድ ይሠራል። ውሸትማ ሙያዬ ነው፤ እንዲህ አይዋሽም! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ እስኪያድር አልጠብቅም። ቢዘጋው ዛሬውኑ መልሼ እልከዋለሁ። ቁልፌን ወሰድሽ፣ እጄን ሰቀልሽ፤ አፌ ግን እዚሁ አለ።»

እህቴ ወደ ማተሚያው ትዞራለች። ከዚያ የወረቀቱን ሳጥን ስባ ታወጣና ጥቂት ብቻ አስቀርታ ትመልሰዋለች። የመምህርቷን ፈተና ታዛለች። ማተሚያው ያለችውን አትሞ ቀጥ ይላል። የቀሩት ገጾች ስክሪኑ ላይ ተሰልፈው ይታያሉ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» መምህርቷ ትቆጥራለች።

አምስት ስትል ሰልፉ ባዶ ነው።

እህቴ ዞራ እጆቼን ታያለች። ሁለቱም ጭንቅላቴ ላይ ናቸው።

አምስቱን አጥፍታ ሦስት መቶ ትጽፋለች፤ ፕሮግራሙን ዘግታ ትከፍታለች፤ ደግማ ታዛለች። ወረቀቱ ያልቃል። ሰልፉ ግን ይጠብቃል። ሆን ብላ ትንቀራፈፋለች፤ መነጽሯን ትወለውላለች፣ አዲስ እሽግ ወረቀት ትቀድዳለች። ሳጥኑን ስትመልሰው ማተሚያው አንዴ ሳል ብሎ የቀሩትን ገጾች አንድ በአንድ ይተፋል። መምህርቷ የመጨረሻውን ጥያቄ አይታ ፈተናውን ደረቷ ላይ ታቅፋለች።

እህቴ በሱቁ ስም ሳይሆን በራሷ ስም ተመዝግባ እርማቴን የላክሁበት ገጽ ላይ ትገባለች። በአንድ ጣት መጻፍ ትጀምራለች።

«ምን እያልሽ ነው?»

«ዝም በል።»

ስትጨርስ ስክሪኑን ወደ መምህርቷ ታዞራለች። መምህርቷ ጮክ ብላ ታነባለች፦ «ላኪው ወንድሜ ነው። ውሸታም ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ይህን ግን በእጄ ሞክሬዋለሁ። እውነቱን ነው።»

እህቴ መላኪያውን ትጫናለች።

«በቃ፣ አውርድ» ትለኛለች።

«አላወርድም። ሰውዬው እስኪመልስ እንዲሁ ነኝ።»

ተነስታ ትመጣለች። የምትመታኝ መስሎኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አናቴ ላይ፣ ከጣቶቼ ሥር፣ ቀዝቃዛ ነገር ታሾልክና ትሄዳለች።

ቁልፉ ነው።