ከአኳሪየሙ ሥር

ሹፌሩ ከረጅም ጉዞ በተመለሰ ቁጥር አንድ ዓሣ ሞቶ ይቆየዋል።

ዓሦቹ የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ፣ የጨው ውሃው አኳሪየም፣ የአባቱ ነበር። ሳሎኑን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይዞታል፤ እንግዳ ሲመጣ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨ ይቀመጣል እንጂ እሱን ፈቀቅ ማድረግ የሚታሰብ አልነበረም። አባትየው ከሞቱ ወዲህ እናቱ ከዓሦቹ ጋር ያወራሉ። በተለይ ከትልቁ ጋር። ሟቹ «ሻምበል» ብለው የሰየሙት፣ ፊቱን የማይፈታ ቢጫ ዓሣ ነው።

«እሳቸው ሲያጸዱት አንድ ዓሣ ሞቶ አያውቅም» ይላሉ እናት። ይህ እውነት ነበር።

አሁን የምታጸዳው የሹፌሩ ሚስት ናት። አማቷ ታመው አልጋ ላይ ሳሉ ሥራውን ያስተማሩት ለእሷ ነው። ስንት ዘመን አብረዋቸው ለኖሩት ለሚስታቸው አላስተማሩም፤ እናት ይህን ነገር ዋጥ አደረጉት እንጂ አልረሱትም።

ከአኳሪየሙ ሥር ቁም ሣጥን አለ። በቁም ሣጥኑ ውስጥ ማጣሪያው አለ፤ ከላይ የሚወርደው ውሃ በስፖንጅና ቀዳዳ በበዛባቸው ድንጋዮች መካከል ያልፍና በፓምፕ ተገፍቶ ይመለሳል። ምራቲቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ትከፍተዋለች። ከዚያው ከአኳሪየሙ በጨለፈችው ውሃ ስፖንጁን ለቅለቅ፣ ጨመቅ አድርጋ ትመልሰዋለች። ድንጋዮቹን አትነካም። እጇን ታጥባ ወደ ሌላ ሥራዋ ትሄዳለች።

እናት ሶፋው ላይ ሆነው ያዩአታል።

«ይኼ ነው ማጽዳት?»

«እንዲህ ነው ያሳዩኝ፣ እማዬ።»

«እሳቸው የሉ! በሌለ ሰው ማላከክ ቀላል ነው።»

ምራቲቱ ገበያ ስትወጣ እናት ወገባቸውን አስረው ይነሣሉ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አውጥተው፣ ያንን የሚያስጠላ ቡናማ ልጋግ በፍል ውሃና በብሩሽ እየፈተጉ ጥርስ እስኪመስሉ ያነጧቸዋል። ጉልበታቸው ክፉኛ ያማቸዋል። ለማንም ግን ትንፍሽ አይሉም። ብነግራትማ ጭራሽ ለእኔ ትተወዋለች፣ ብለው ነው። ደግሞም የባላቸውን ነገር በገዛ እጃቸው ሲነኩ ደስ ይላቸዋል።

ዓሦቹ ግን ማለቃቸውን አልተዉም።

አንድ ቀን እናት ምራታቸው ለባሏ ስትናገር ሰሙ። «ይኼ ነገር ባይኖር እኮ እዚህ ጋ የልጅ አልጋ ይገባ ነበር።» እየሳቀች ነው ያለችው፤ ባሏም ስቋል። እናት አልሳቁም።

ከዚያ ወዲህ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አላነሡም። ምን ሠራች፣ የት ወጣች፣ ምን ይዛ ገባች፤ የቤቱ ዘበኛ ሆኑ። በመጨረሻ የደረቀ ልብስ አጣጥፈው በሣጥኗ ሊያስቀምጡላት ሲሉ ከሹራቦቿ ሥር እጃቸው ትንሽ ጠርሙስ ላይ አረፈ። ምንም አልተጻፈበትም። ውስጡ ድፍርስ ፈሳሽ ነው፤ ሲከፍቱት ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። መልሰው እንደነበረ አደረጉት።

ቅዳሜ ምራቲቱ ማጣሪያውን ከፈተች። ወደ ኋላዋ ገልመጥ አለችና ከጉያዋ ጠርሙሱን አውጥታ ጠብ፣ ጠብ አደረገችበት። እናት በበሩ ስንጥቅ ሲያዩ ደማቸው ፈላ።

ሹፌሩ ተመልሶ በሩን ሲከፍት ሻምበል በጎኑ ተንሳፍፏል። እናት ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ይጠብቁት ነበር።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ ሚስቱን።

ጠርሙሱን አየችው። ከዚያ አማቷን አየቻቸው፤ ቀይ የሆኑትን እጆቻቸውንም አየች።

«ለዓሦቹ ነው።»

«ለዓሦቹማ ነው!» አሉ እናት።

«ታዲያ ለምን ትደብቂያለሽ?» አለ ባሏ።

የጠርሙሱን ክዳን ጠበቅ አድርጋ ዘጋችው።

«ተናገሪ እንጂ! ከአባቴ የቀረን ይኼ ብቻ እንደሆነ አጥተሽው ነው? ትዳርሽን የምትፈልጊ ከሆነ አሁን ተናገሪ።»

«የምለው የለኝም» አለች፤ እንባዋ ግን እየወረደ ነበር።

ሹፌሩ ንጹሕ ሰው ዝም አይልም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠረው። ጓዟን እንድትጠቀልል ነገራት። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«እማዬ፣ ብዙ አይጎንበሱ። ጉልበትዎን ይጎዱታል።»

«ታላግጥብኛለች ደግሞ!» አሉ እናት ወደ ልጃቸው ዞረው።

ፍርድ ቤትም ቀርባ ያው ዝምታዋን ይዛ ወጣች። ፍቺው ጸደቀ። ሹፌሩ ያን ሰሞን ምግብ አልበላ አለው፤ ይወዳት ነበር፣ ለዚያም ነው የጠላት። ሻምበልን ተከትለው የቀሩትም ዓሦች አልቀው ነበር፤ ባዶውን አኳሪየም ማየት ደግሞ እናቱን እየገደላቸው ነበር። ስለዚህ አዲስ ዓሦች ሊገዛ አባቱ ይገዙበት ወደነበረው ሱቅ ሄደ። ጠርሙሱንም በኪሱ ይዟል፤ የምን መርዝ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ ብሎ።

ሻጩ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ፤ ግራ ተጋብቶም አየው።

«የምን መርዝ? ይኼ ድንጋዮቹ ላይ የሚበቅለው፣ ዓሦቹን በሕይወት የሚያቆየው ቡናማ ነገር እኮ ነው፤ ሚስትህ አይደለች እንዴ ‹እማዬ በፍል ውሃ እያጠቡ ይጨርሱብኛል፣ የሚገድሏቸው እሳቸው መሆናቸውን ካወቁ ደግሞ ልባቸው ይሰበራል› እያለች በየሳምንቱ የምትወስደው?»