ሰሌዳው ላይ የቀረችው ቁጥር

ሠላሳ አንዱ ማዕድን ቆፋሪዎች አቧራ እንደለበሱ ከጉድጓዱ ወጡ፤ እየወጡም ጉድጓዱ አፍ ላይ ካለው ቤት፣ ከግድግዳው ሰሌዳ ላይ የየራሳቸውን የነሐስ ቁጥር አነሡ። አርባ ሰባት ቁጥር ብቻ ቀረች። እሷ ደግሞ የአይሊ ባል የሬይኖ ናት።

ቁጥሩ ከተሰቀለ ሰውየው ከመሬት በታች ነው። ሲገቡ ይሰቅላሉ፣ ሲወጡ ያነሣሉ፤ እዚህ ቤት ከዚህ የሚበልጥ ሕግ የለም። ዛሬ ከቀትር በኋላ ታች ያለው ዓለት ፈንድቶ መተላለፊያው ተደርምሷል።

አይሊን ከቤቷ ነው የጠሯት። ከመጣች ጀምሮ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ እንዳለች ነው። ከጎኗ የሬይኖ እህት ሄልሚ፣ የካፍቴሪያው ወጥ ሠሪ፣ ሽርጧን ሳትፈታ ትንሰቀሰቃለች። ሄልሚ የሆዷን መደበቅ አታውቅበትም፤ ስትፈራ ታለቅሳለች፣ ስትናደድ ሳህን ትሰብራለች፣ ሲያልፍላት ደግሞ ትስቃለች።

አይሊ ግን ሆድ ይፍጀው ባይ ናት። እናቷ የሞተች ቀን አባቷ አንድ ቃል ሳይተነፍስ እንጨት ሲፈልጥ ነበር የዋለው፤ እሷም ከዚያው ነው የተማረችው። አሁን የአሳንሰሩ ገመድ በተንቀጫቀጨ ቁጥር ልቧ ስንጥቅ ይላል፤ ፊቷ ላይ ግን ምንም አይታይም። ካለቀስኩ እውነት ይሆናል ብላ ፈርታለች።

ሄልሚ አላስቻላትም። “አንቺ ምን ዓይነት ፍጥረት ነሽ? ባልሽ አይደለም እንዴ እዚያ ታች ያለው?”

“ነው” አለች አይሊ።

ቆፋሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ብረት ናት አለ አንዱ፣ ማድነቁም መፍራቱም ሳይለይ። የፈረቃው አለቃ ጎርዲ መጥቶ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ። ጣሪያው ገና ድንጋይ እያወረደ ቢሆንም አምስት ነፍስ አድን ሠራተኞች እንደሚወርዱ ነገራት። ቀጥሎ ጉሮሮውን ጠራረገ።

“አይሊ እህቴ፣ ጠዋት ምን ለብሶ ነበር የወጣው?”

ለምን እንደጠየቃት ገባት።

“አረንጓዴ ሹራብ። ክርኑ ላይ የተጣፈ” አለች፣ የገበያ ዕቃ እንደምታስመዘግብ ሁሉ።

አምስቱ ሰዎች የአየር ሲሊንደራቸውን ተሸክመው አሳንሰሩ ውስጥ ገቡ። ከመካከላቸው የአንዱ ሚስት ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ቀኗን እየጠበቀች መሆኑን አይሊ ታውቃለች። የአሳንሰሩ በር ሊዘጋ ሲል ከውጭ ወደ ቤቱ አንድ ሰው ጉንጩ አብጦ፣ አፉ ጥጥ ተወትፎበት ገባ። አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል።

ሬይኖ ነው። ጥርሱ ቢያሰቃየው እኩለ ቀን ላይ ወጥቶ ወደ ሐኪም ሮጧል፤ ሲሮጥ ቁጥሩን ማንሣት ረስቷል።

ጎርዲ ቆቡን መሬት ላይ ወረወረው። ለአንድ የበሰበሰ ጥርስ አምስት ሰው ልቀብር ነበር ብሎ፣ ስድቡን በሁለት ቋንቋ አወረደበት። ሄልሚ የወንድሟን ያላበጠ ጉንጭ በጥፊ መታችው፤ ወዲያው እዚያው ላይ ሳመችው። አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ፊቷን ታጠበች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ፣ ይሄ ሁሉ ሰው በረሃብ ሊሞት ነው እያለች የአተር ሾርባ ልታሞቅ ሄደች።

አይሊ ተነሥታ የሬይኖን የሹራብ አንገት አስተካከለችለት። “ቁጥርህን አንሣ” አለችው። ሰው ሁሉ እያደነቃት ወደ ሾርባው ወጣ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሬይኖ አፍሯል፤ በጥጡ መሃል “ፈርተሽ ነበር?” አላት።

አልፈራሁም ልትለው አፏን ከፈተች። ድምፅ የለም። እንደገና ሞከረች፤ አሁንም የለም። አግዳሚው ወንበር ላይ ተመልሳ ቁጭ አለች፤ አፏ ግን አልተከደነም።

“ምን አልሽ?” ብሎ ሬይኖ ጆሮውን ወደ አፏ አስጠጋ። የተሰማው ትንፋሿ ብቻ ነበር።