ሠራተኛ ይፈለጋል

በዚያች የገበሬ ከተማ የሚሸጥ በሬም ሆነ የሚከራይ ቤት ገበያው አፍ ላይ ካለው የመብራት ምሰሶ ላይ ማስታወቂያው ካልተለጠፈ የሚሰማው የለም። የምትጽፈው ከምሰሶው ማዶ ወረቀቷን ዘርግታ የምትቀመጥ አንዲት ጸሐፊ ናት፤ ጽሕፈቷ ያማረ፣ ምላሷ የሰላ።

ቅዳሜ ጠዋት ደምለው የሚባል ከገጠር የመጣ ገበሬ አጠገቧ ቆመ።

«እህቴ፣ የቤት ሠራተኛ ይፈለጋል ብለሽ ጻፊልኝ።»

«ምነው፣ ሚስትህ እጇን ቆረጠማት?» አለችው እንደ ልማዷ።

«ሞታለች። ሁለት ሕፃናት ጥላብኝ።»

በገዛ ምላሷ አፈረች። «እግዜር ያጥናህ፣ ወንድሜ» አለችና ከሌላው ሁሉ አድምቃ «እናታቸው የሞተችባቸውን ሁለት ሕፃናት የምታሳድግ» ብላ ጻፈችለት። ሠራተኛዋ ዛሬውኑ ብትገኝስ ብላ ስትጠይቀው ጥቂት አሰበና፣ «አይ፣ ከሰኞ በፊት አትምጣ» አላት። ዋጋም አልተቀበለችው።

ገበያው ሲደራ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ምሰሶው ሥር ቆማ ወረቀቱን ስታይ ቆየችና ወደ እሷ መጣች።

«እህት ዓለም፣ ያ ትልቁ ጽሑፍ ምን ይላል? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።»

«ሠራተኛ ይፈለጋል ነው የሚለው። ልትቀጠሪ ነው?»

ሴትየዋ ሳቀች።

«ኧረ እኔስ የቤቱ እመቤት ነኝ፤ ጠዋት ባሌ ሲያስለጥፈው ከሩቅ አይቼዋለሁ። ደምለው የምታግዝሽ ሰው እፈልግልሻለሁ ሲለኝ መሸንገሉ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እውነቱን ነው። ሰሞኑን ምን እንደነካው እንጃ፣ ደግ ሆኗል። ነገም ልጆቹን እናቱ ዘንድ ትተን እኔና እሱ ብቻችንን ቆላ እንወርዳለን ብሎኛል።»