ንቡ የመረጠው ቤት

«ደግሞ መጣ!» አለች አይናለም የያዘችውን መጥረጊያ ወርውራ። ከጎረቤቷ ከአያ ባዬ ግቢ የተነሳ የንብ መንጋ ባሕር ዛፉን ዞሮ በቀጥታ ወደ ጓሮዋ እየመጣ ነበር። ሌላ የሚሄድበት አገር የሌለ ይመስል!

ወንድሟ ናሁሰናይ ከጥላው ሥር ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። ቀና ብሎ አየና ፈገግ አለ። «እንኳን ደኅና መጣችሁ» አለ፤ ንቦቹን ነው። እህቱ በሽቃ ፊቱ መቆሟን ከቁም ነገርም አልቆጠረው።

ናሁሰናይ ዶክተር ነው፤ የንብ ዶክተር። ጭንቅላቱ ይሠራል፣ ይህን ማንም አይክድም። አሳሽ ንቦች የሚመች ቤት ሲያገኙ ለጓደኞቻቸው የሚተዉትን ሽታ ባሕር ዳር፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠርቶ አወጣው። ጫካ ገብቶ የሚጠፋውን መንጋ ለገበሬው ይመልሳል ተብሎ ነበር ሥራው የተጀመረው። እሱ ግን አለቆቹን «አልሠራ አለኝ» ብሎ ሸነገላቸውና ብልቃጡን ኪሱ ከትቶ ቡሬ፣ ከቡሬም እህቱ ጓሮ ከች አለ። ቀፎ ደረደረ፤ በየቀፎው አፍ ጠብታ ያረፈበት ጨርቅ ወሸቀ። ሽታው ደግሞ የተሰደደውን ብቻ መች ጠራ? ቤት ንብረት ያለውንም ከነአውራው ነቅሎ ያመጣ ጀመር። ኅዳር ላይ ማሩን ጠቅልሎ ለውጭ ላኪ ሊሸጥ ተዋውሏል።

«ስማ፣ ይሄ የአያ ባዬ ነው» አለችው። «የቀራቸው እሱ ብቻ ነበር።»

«ገመድ አስሬ ጎተትኩት እንዴ፣ እታለም? ንብ ክንፍ አለው፤ የወደደው ቤት ይገባል።»

«ወዶ ነው? አንተ አታልለህ አይደል ያመጣኸው!»

«ሳይንስ ነው።»

«ሳይንስህን...» አለችና ዋጠችው። ተምሯል፤ መልስ አያጣም። ሲበቃው መኪናውን አስነስቶ ባሕር ዳር ይገባል። ከጎረቤት ጋር ውኃ የምትቀዳው፣ ከጎረቤት ጋር ቅዳሴ የምትቆመው፣ ስትታመምም በእነሱ የምትጠየቀው እሷ ናት። የሚያንገበግባት ይኸው ነው።

አያ ባዬ በአጥሩ ሽንቁር ብቅ አሉ። እጃቸው አፈር ጨብጧል፤ መንጋ ሲወጣ እንዲያርፍ አፈር እየበተኑ ነው የሚከተሉት። እግራቸው ግን እንደ ዱሮው አይደለም። ሲደርሱ የፊተኞቹ ንቦች ቀፎው አፍ ላይ መርመስመስ ጀምረዋል። ባለቤቱ ሳይደርስበት ሌላ ቀፎ የገባ ንብ የባለቀፎው ሲሳይ ነው፤ በአገሩ ማንም በዚህ አይከራከርም። ሽማግሌው አፈሩን ቀስ ብለው መሬት ላይ አፈሰሱት።

«ገባልሽ?» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «እሰይ። እንኳን ካንቺ ገባ። ንብ ደግ ቤት ነው የሚመርጥ።»

«ይግቡ፣ ይቀመጡ እንጂ አያ ባዬ።»

«የለም፣ ልመለስ። እንዲያው ማሩ ሲቆረጥ ከሰሙ ትንሽ ታስቀሪልኝ እንደሁ ልልሽ ነው። ለሚካኤል ጧፍ ስለት አለብኝ፤ ባዶ እጄን እንዳልቆም።»

የአይናለም ፊት ጋለ። ደግ ቤት! አገሩ ሁሉ ይህን ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከብበው «ምን ብትጸልዪ ነው?» ሲሏት ነጠላዋን አስተካክላ ዝም ብላ ነበር፤ እውነቱን እያወቀች። ናሁሰናይ አሁንም ቆሎውን ይቆረጥማል። ልጅ ሳለ በእኚህ ሰው ቀፎ ሥር በደረቱ ተኝቶ ይውል የነበረ፣ ሲነደፍ እሳቸው መንደፊያውን እየነቀሉለት ያደገ ልጅ! ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም።

«ደግ ቤት አይደለም!» ብላ ጮኸች። «ሽታ ነው፣ አያ ባዬ። እሱ ነው በመድኃኒት የሚጠራቸው። የሁሉንም፤ የእርስዎንም።»

«እታለም! አበድሽ?»

አያ ባዬ ወደ ናሁሰናይ ዞሩ።

«አንተ ነህ፣ ናሁ?» አሉ። «እንዲህ ያለ ጥበብ ካገኘህ፣ ምነው ጫካ የሚቀረውን ብትጠራው?»

ዶክተሩ መቆርጠሙን ተወ። ቆሎው ጉንጩ ውስጥ ቀረ።

አይናለም ከዚህ በላይ አልጠበቀችም። ነጠላዋን ተከናንባ ቀፎው ዘንድ ሄደች፤ እጇን በንቦቹ መካከል ሰደደችና ጨርቁን መንጭቃ አወጣችው። እርጥብ ነበር። መንጋው ግር ብሎ ተነሳ፤ ድምፁ ጆሮዋን ሞላው። እሷ እኮ ንብ ትፈራለች!

«አትሩጪ፣ እናቴ» አሉ አያ ባዬ። «ቀስ እያልሽ ተከተዪኝ።»

«ጨርቁን መልሺልኝ! ስንት ዓመት የለፋሁበት ነው!» ይላል ናሁሰናይ ከሩቁ። ሊጠጋት ግን አልደፈረም።

ሽማግሌው የአጥሩን እሾህ በከዘራቸው እየገፉ ፊት ፊት ሄዱ። እሷ ጨርቁን ከፍ አድርጋ ይዛ ተከተለች፤ መንጋው ከበላይዋ። ጓሯቸው ደርሰው በእበት የተለቀለቀውን ባዶ ቀፎ ሲያሳዩዋት ጨርቁን አፉ ላይ ወሸቀችው። ንቦቹ በክንዷ፣ በጣቶቿ ላይ እየተራመዱ ወደ ውስጥ ገቡ። አልነደፏትም።

«በቃ» አሉ አያ ባዬ የመጨረሻዎቹ ሲገቡ። «አሁን አውጪና እሳት ውስጥ ጣይልኝ። የሰው ንብ እንዳይመጣብኝ።»

ጣለችው። ጨርቁ ጢስ ብሎ ነደደ።

«የሌሎቹንም አስመልሰዋለሁ» አለች አይናለም። ሽማግሌው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ደግ ቤት የሚለውን አልደገሙላትም።

እጇን በአመድ አሸች፤ በውኃ አለቀለቀች፤ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች። ምንም አይሸትም። አንዲት ንብ ግን ከየት መጣች ሳይባል መዳፏ ላይ አረፈች። እፍ ብትላት፣ ብታራግፋት፣ አልነሳም አለች።