ቢልጫ ፍለጋ

ፅዮን መረቡን ትስባለች። ጣቶቿ በብርድ ደንዝዘዋል፤ ከጭላሎ የሚወርደው የማለዳ ንፋስ በጃኬቷ እጅጌ ገብቶ በአንገቷ ይወጣል። ጀልባዋ ጫፍ ላይ መቅዘፊያ የያዙት ጋሽ ቱሳ ዛሬ ዝም ብለዋል። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ጊዜ ስለ አማቻቸው ሐሜቱን ጨርሰው ወደ ጎረቤት ይሻገሩ ነበር።

ቆሮሶ ይወጣል። አምባዛ ይወጣል። ደግሞ ቆሮሶ። ይህ ግድብ ሳይሠራ በፊት የወንዙ ባለቤት የነበረው ባለ ትልልቅ ቅርፊቱ አሳ፣ ቢልጫ ግን የለም። የአሳ ባለሙያ ሆና ከባሕር ዳር አሰላ ተመድባ ከመጣች ጀምሮ በየወቅቱ መረብ ትጥላለች፣ ትስባለች፣ ትለቅማለች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

የዛሬው የመጨረሻ ሙከራዋ ነው። ቢልጫ ከተገኘ ቢሮው ግድቡ ውስጥ ሌላ አሳ አይጨምርም። ካልተገኘ ካርፕ የሚባለውን የውጭ አሳ ጫጩት የጫነ መኪና በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። ካርፕ አንዴ ከገባ ጭቃውን እያቦካ፣ እንቁላል እየለቀመ፣ ተደብቆ የተረፈ ቢልጫ ቢኖር እንኳ መድረሻ ያሳጣዋል። ይህን ለአለቆቿ ስታስረዳ ኖራለች። አሁን ማስረዳቱም ደክሟታል።

መረቡ ይከብዳል። ቢጫ የሚያበራ ጎን ከውሃው ብቅ ይላል።

«ጋሽ ቱሳ!» ትላለች።

«አየሁ፣ ኢንተላ ኮ» ይላሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ግን የሚያዩት የመቅዘፊያቸውን ጫፍ ነው።

አሳውን ጉልበቷ ላይ ታስተኛዋለች። ልስቅ ስትል እንባዋ ይቀድማታል። ከዚያ ከእሷ በፊት እጇ ያውቃል። አሳው ግትር ብሏል። ዓይኑ ነጭ ለብሷል። መረቡ የያዘውም በጅራቱ በኩል ነው፤ አሳ ደግሞ ወደ ኋላ እየዋኘ መረብ ውስጥ አይገባም። የሚተነፍስበትን ስንጥብ ስትገልጠው ደም መምሰል ሲገባው ጠቁሯል፣ ውስጡም የቃጫ ቁራጭ ቀርቷል። ዝዋይ መንገድ ዳር ሻጮች አሳ የሚያንጠለጥሉበት ቃጫ ነው።

ጋሽ ቱሳ ትናንት ሥራ አልገቡም። ዝዋይ ለቅሶ አለብኝ ብለው ነው የቀሩት።

«ለቅሶው የማን ነበር፣ ጋሽ ቱሳ?»

ሽማግሌው መቅዘፋቸውን ይተዋሉ።

«ሁልጊዜ ባዶ እጅሽን ስትመለሺ አያለሁ። ሆዴ አልቻለም» ይላሉ። «አንድ አሳ እኮ ነው። ቢቆጠር ምን አለበት? እዚህ ያለነው እኔና አንቺ ነን። ከላይ ደግሞ ረቢ፤ እሱ ይምራል።»

ልትቆጣ ትፈልጋለች፣ አቅም የላትም። ደግሞስ በምን አፏ? ለእሷ ብለው በዚያ ጉልበታቸው ዝዋይ ቆላ ወርደው አሳ ገዝተው የወጡ ሰው ናቸው። በዚህ አገር ማንም እንዲህ አላሰበላትም። እውነቱን ለመናገር ልቧም እያባበላት ነው። ፎቶ ታነሳለች፣ ትልካለች፣ መኪናው ይቀራል። ጠያቂ የለም። ምናልባት እታች ድንጋይ ስር የእውነት ቢልጫ ይኖራል፤ ይሄኛው ስለ እሱ ቢመሰክር ምን ነውር አለው? ግን ይህን ካደረገች ከዛሬ ወዲያ መረብ በሳበች ቁጥር የገዛ ዓይኗን አታምነውም።

ስልኳ ይጮሃል። አለቃዋ ደመቀ ነው።

«እህ ፅዮኔ፣ ተገኘ?»

ጋሽ ቱሳ ቀና ብለው ያዩአታል። እንዲህ ሲለምኑ አይታቸው አታውቅም።

«የለም» ትላለች።

«እንግዲህ አንቺም የአቅምሽን ሞክረሻል። ለሹፌሩ ልንገረው። በይ ቻው።»

ስልኩን ኪሷ ትከተዋለች። ጋሽ ቱሳ አሳውን ከጉልበቷ ያነሱና፣ ነፍስ እንዳለው ሁሉ በሁለት እጃቸው ደግፈው ቀስ ብለው ውሃው ላይ ያኖሩታል። እጃቸውን ቶሎ አይስቡም። ትንሽ ይጠብቁታል።

ከዚያ መቅዘፍ ይጀምራሉ። ቢልጫው በጎኑ ተንሳፎ፣ ጀልባዋ በከፈተችው መስመር ጥቂት ይከተላቸዋል። ፅዮን እስኪቆም ድረስ ታየዋለች።